ኩርባው ላይ የጠፋው ሞተር

ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ጋራዣችን የገባችው የ1972 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ ነበረች። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ሻንሲዋ ግን ዝገት አልነካውም። ባለቤቱ ከአባቱ የወረሳት ናት። ከኮፈኗ ሥር ያለው 5.7 ሊትር፣ የድሮ ሰዎች «350» የሚሉት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀምሯል። ሰውየው «ይታደስ ወይስ በዘመናዊ ይቀየር?» ብሎ ጠየቀን።

ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋው መካኒክ አላመነታም። ሲሊንደሮቹ ይስተካከሉ፣ ፒስተኖቹና ቀለበቶቻቸው ይቀየሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይጽዳ፣ አለቀ። «መንገድ ላይ ቢቆም በካቻቪቴ ይነሣል» አለ። እኔ ደግሞ ለ5.3 ሊትሩ ሞተር ተሟገትኩ፤ ከ1999 ጀምሮ ሲልቬራዶ በተባለው የሼቭሮሌት ፒክአፕ ላይ የተገጠመው ነው። በብርድ ጠዋት ያለ ልመና ይነሣል፤ ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። የአሮጌው ሞተር ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ካላገኘ ቶሎ ይበላል፤ በአዲሱ ግን ካምሻፍቱ ላይ የሚያርፉት ክፍሎች እየተንከባለሉ ስለሚሄዱ ይህ ስጋት የለም። በመጨረሻው ክርክሬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። 350ው የሚመደብበት በ1955 የተጀመረው የስሞል ብሎክ ቤተሰብና 5.3ቱ የሚመደብበት በ1997 ብቅ ያለው የኤልኤስ ትውልድ፣ ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያላቸው ርቀት አንድ ነው፤ 4.4 ኢንች። «ዘመዳሞች ናቸው» አልኩ።

«ዝምድና ጋብቻ ይከለክላል እንጂ አያመጣም» አለ ጋሼ። ሳቅንበት። ባለቤቱ ግን የእኔን ሐሳብ መረጠ።

የመጀመሪያው ቅጣት ፈጥኖ መጣ። የአዲሱ ሞተር የዘይት ጎድጓዳ ጥልቅ ስለሆነ ከሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ጋር ተጋጨ፤ ብዙ ጥልቀት በሌለው ሌላ ጎድጓዳ ቀየርነው። የጭስ ማውጫው ከመሪው ሳጥን ጋር፣ ሽቦው ከሁላችንም ጋር ተጣላ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ሞተር የቀየረ ሁሉ ያውቀዋል።

ያልጠበቅኩት ቤንዚኑን ነው። የዚያ ዘመን ሲ10 የነዳጅ ማጠራቀሚያ ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ነው። አሮጌው ሞተር ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይበቃዋል፤ አዲሱ ወደ 58 ይፈልጋል። ስለዚህ ሻንሲው ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አሰርኩና ከድሮው ማጠራቀሚያ ጋር አገናኘሁት። ግቢ ውስጥ ሞተሩ እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም ጋሼን በጎን አየሁት።

በሙከራ ጉዞው ረጅም ኩርባ ላይ ስደርስ ሞተሩ አንዴ አሳለና ጠፋ። መሪው በእጄ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ከኋላዬ የመጣው ሾፌር ጥሩምባውን አላቆመም። ዳር ይዤ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣ። በሚቀጥለው ኩርባ ደግሞ ጠፋ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ፈተሽኩ። የሞተሩን ዋና ዘንግ ዙር የሚከታተለውን የክራንክሻፍት ሴንሰር ቀየርኩ፣ የመሬት ሽቦዎቹን ፈትቼ ፋቅኩ፣ መመርመሪያውን ሰክቼ ብጠይቅ ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት አልመዘገበም። በዘመናዊ ሞተር ላይ ችግር ሲመጣ ዓይን ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ይሮጣል፤ የእኔም ዓይን ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ መጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ቤንዚኑ ስንት ነው?»

«ሩብ።»

«ሙላውና በዚያው ኩርባ ሂድ።»

ሞላሁት፤ ሄድኩ፤ አልጠፋም። መኪናውን አቁሜ ለጥቂት ደቂቃ ከመቀመጫው ሳልነሣ ቆየሁ። ማጠራቀሚያው ውስጡ ምንም መከለያ የለውም፤ ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ የመውጫው ቀዳዳ አየር ይስባል። ካርቡራተር ግን ተንሳፋፊ ያለበት የራሱ ትንሽ የቤንዚን ጓዳ አለው፤ መስመሩ ለአፍታ ቢደርቅ ከዚያ ይጠጣል። መኪናዋ ስንት ዘመን በዚያ ኩርባ ስትመላለስ ያ ጓዳ ጉድለቷን ሸፍኖላታል። እኔ ፈትቼ ያወጣሁት ያንን ነው፤ በምትኩ ያስገባሁት ለቅጽበት አየር ከሳበ ግፊቱ የሚወድቅ ሥርዓት ነው።

መፍትሔው መከለያና በውስጡ የተገጠመ ፓምፕ ያለው ሌላ ማጠራቀሚያ፣ እንዲሁም የነዳጅ መመለሻ መስመር ነበር። በሰጠሁት የሥራ ግምት ላይ አንዱም አልተጻፈም። ባለቤቱን ጠርቼ ስነግረው አልጮኸም። «ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?» አለ። «ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ መኪናዋ አላሰብኩም» አልኩት።

ሞተሩን ዛሬም አልነቅፈውም። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው አሁንም እሱኑ እመክራለሁ። ይህ ሰው ግን መኪናዋን የሚያወጣት አልፎ አልፎ ነው፤ ያንን ከሞተሩ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።

350ው አሁንም ጋራዡ ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ባለቤቱ አልወሰደውም። ጋሼ አንዳንድ ጊዜ ሸራውን ገልጦ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብና ሞተሩን በእጁ ያዞረዋል። «ተጣብቆ እንዳይነክስ ነው» ይላል፤ ለምን እንደሚያቆየው ግን አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።