ሠርግ በ700 ሜጋባይት

የቤተሰብ ቪዲዮዎችን ከካሴትና ከዲስክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት የእኔም ሆነ በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ልማድ በእጅጉ ተለውጧል፤ የለውጡን ምክንያት ሳስብም ሁልጊዜ የማገኘው አንድ መልስ ነው፦ አንድን ቪዲዮ ምን ያህል እንደምናምቀው፣ ማለትም ፋይሉን ምን ያህል እንደምናሳንሰው፣ የወሰነልን የቪዲዮው ክብር ሳይሆን በጊዜው በእጃችን የነበረው ማከማቻ ነው። ሲዲ በነበረበት ዘመን ሠርጉ በሲዲ ልክ ተሰፋ፣ ዲቪዲ ሲመጣ በዲቪዲ ልክ፣ ስልክ ሲመጣ ደግሞ በሚሞሪ ካርድ ልክ። ማከማቻው በየጥቂት ዓመቱ አድጓል፤ በጠባቡ ዘመን የተቆረጠው ምስል ግን ተመልሶ አላደገም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ዲጂታል የሠርግ ቅጂ ቪሲዲ፣ ማለትም በተራ ሲዲ ላይ የተቀዳ ቪዲዮ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ደረጃ ኤምፔግ 1 በተባለው ኮደክ (ቪዲዮን የሚያምቅና መልሶ የሚፈታ ዘዴ) የሚሠራ ሲሆን፣ ፓል ለተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚፈቅደው የምስል መጠን 352 በ288 ፒክሰል ብቻ ነው፤ ለምስሉ በሰከንድ 1150 ኪሎቢት፣ ለድምፁ 224 ኪሎቢት ይመድባል፤ በዚህም ስሌት አንድ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሙሽሪት ቤት እስከ አዳራሽ ያለው ቀን በሁለትና በሦስት ዲስክ ተከፋፍሎ፣ መልሱና ቅልቅሉ ለየብቻቸው ተቀድተው ይመጡ የነበረው ለዚህ ነው። ዲስኩ ርካሽ ስለነበረና ማጫወቻውም በየቤቱ ስለገባ ሰው ካሴቱን ትቶ ወደ ዲስኩ ዞረ፤ ካሴቱም ወይ ሌላ ነገር ተቀዳበት፣ ወይ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ተረሳ።

ቪሲዲ ከካሴቱ ላይ የሚያስቀረው ነገር ግን ከፒክሰል ቁጥር በላይ ነው። የፓል ቪዲዮ እያንዳንዱን ሰከንድ በ50 ግማሽ ምስሎች ይቀርጻል፤ አንደኛው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል፤ በሁለቱ መካከልም የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት አለ። ቪሲዲ ከየሁለቱ አንዱን ስለሚጥል በሰከንድ ውስጥ የሚታየው የእንቅስቃሴ ቅጽበት ወደ 25 ይወርዳል። ሰው ቆሞ ሲመርቅ ወይም ሲያወራ ይህ አይታወቅም። እስክስታ ላይ ግን ወዲያው ይታያል፦ ትከሻው ሲነሣና ሲመለስ በመካከል ያለው መንገድ ይጠፋና ጭፈራው እየተቆራረጠ የሚዘል ይመስላል። ያንኑ ሰው ከካሴቱ በቀጥታ ብታዩት ትከሻውን ሲሰብቅ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይለያል።

ይህ ጉዳት ቪሲዲ ሲቀር አብሮ አልቀረም። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ ስናምቅ ግማሽ ምስሎቹን የሚያጋጥመው ማጣሪያ ሁለቱን አዋሕዶ በሰከንድ 25 ፍሬም (ሙሉ ምስል) እንዲያወጣ ከተተወ፣ ውጤቱ ያው ነው። እኔ ያዲፍ ወይም ቢደብሊውዲፍ የተባሉትን ማጣሪያዎች የምጠቀመው እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ራሱን የቻለ ፍሬም እንዲሆን አድርጌ ነው፤ ቪዲዮውም በሰከንድ 50 ፍሬም ይኖረዋል። ፋይሉ ትንሽ ይተልቃል፤ ጭፈራው ግን እንደተጨፈረ ይቀራል።

ዲቪዲ እውነተኛ እድገት ነበር፤ 720 በ576 ፒክሰል፣ ሁለቱም ግማሽ ምስሎች ሳይጎድሉ፣ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት። ይሁን እንጂ ዲቪዲው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የ700 ሜጋባይት፣ ማለትም የአንድ ባዶ ሲዲ ልክ፣ ልማድ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዲሲኤስኤስ የተባለው ፕሮግራም የንግድ ዲቪዲዎችን ቁልፍ ከፈታና ዲቭኤክስ የተባለው ኮደክ በኢንተርኔት ከተሰራጨ ወዲህ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች አንድን ፊልም በአንድ ባዶ ሲዲ ላይ ማሳደርን እንደ ደንብ ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ኤክስቪድም ይህንኑ ልማድ አጸና። ስሌቱን አንድ ጊዜ መሥራት ብዙ ያስረዳል። 90 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ወደ 700 ሜጋባይት ሲታመቅ፣ ለድምፁ 128 ኪሎቢት ተቀንሶ ለምስሉ በሰከንድ 960 ኪሎቢት ገደማ ይተርፋል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሠርግ በዚያው ሲዲ ላይ ይግባ ሲባል ግን ለምስሉ የሚተርፈው 415 ኪሎቢት ገደማ ነው።

ሠርግ ደግሞ ለኮደክ ከፊልም ይልቅ ከባድ ነው። ኮደክ ቦታ የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመጻፍ ነው፤ በቪኤችኤስ ካሴት ምስል ላይ ብናኝ መስሎ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ግን በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ኮደኩ እንደ አዲስ እንቅስቃሴ ይቆጥረውና ያለችውን ጥቂት ቢት ለነጠብጣቡ ያወጣዋል። በዚህ ላይ የካሜራ ባለሙያው መብራት፣ አዳራሽ ሙሉ የሚንቀሳቀስ ሰው፣ ነጭ ልብስ በነጭ ላይ አለ። የአንድ ዘመዳችንን ሠርግ በዲቪዲና በ700 ሜጋባይት ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ፣ በዲቪዲው ላይ የሙሽሪት እናት የለበሱት የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ አረንጓዴው ከወርቃማው ክር ተለይቶ መስቀሉ ይነበባል፤ በፋይሉ ላይ ግን ያው ጥበብ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ሆኖ፣ እናትዬው በተንቀሳቀሱ ቁጥር አራት ማዕዘኖቹ ዘግይተው ይከተሏቸዋል። የነጠላው እጥፋት ጨርሶ የለም።

ወደ ውጭ አገር የተላከ ሠርግ ነገሩ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ በፓል፣ አሜሪካ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ይጠቀሙ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሄደ ካሴት እዚያ ባለው ተራ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) አይጫወትም ነበር፤ ቤተሰቡም ገንዘብ ከፍሎ ያስቀይረዋል። የሚቀይረው መሣሪያ 576ቱን መስመር ወደ 480 ያወርዳል፤ በሰከንድ 50 የነበሩትን ግማሽ ምስሎች ወደ 60 ገደማ ለማድረስም ብዙውን ጊዜ አጎራባች ምስሎችን ያደባልቃል፤ ስለዚህ እስክስታ የሚመታው ሰው ከትከሻው አጠገብ ሁለተኛ ደብዛዛ ትከሻ ይታይበታል። ከዓመታት በኋላ ያ የተቀየረ ካሴት ወደ ዲቪዲ ይቀዳል፣ ዲቪዲው ወደ 700 ሜጋባይት ይታመቃል፣ ያም ለስልክ እንዲመች ወደ 320 በ240 ይወርዳል። አንዴ የተደባለቀን ምስል መልሶ ንጹሕ አድርጎ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል «አስተካክልልን» ተብሎ ሲላክልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ዋናው የፓል ካሴት አገር ቤት በቀረ ዘመድ እጅ አለ ወይ የሚል ነው።

በልማዳችን ውስጥ ትልቁ መሻሻል የመጣው ስለ መጠን መጠየቃችንን ትተን ስለ ጥራት መጠየቅ ስንጀምር ነው ብዬ አምናለሁ። ኤች 264 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው ሃንድብሬክም እያደር ለተራው ሰው የሚሆን መሣሪያ ሆነ። በሃንድብሬክ ውስጥ አርኤፍ የሚባለው ቁጥር የሚፈለገውን ጥራት ይወስናል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፤ ለዲቪዲ መጠን ላለው ቪዲዮ ከ18 እስከ 22 ያለው ይመከራል። ጸጥ ያለው የቃል ኪዳን ሥነ ሥርዓት ጥቂት ቢት ይወስዳል፣ ጭፈራው የሚያስፈልገውን ያህል ያገኛል፣ የፋይሉ መጠንም መጨረሻ ላይ ይታወቃል። መጠኑን አስቀድሞ አለማወቅ ሲዲ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል።

ስለ ድምፅ የሚናገር ሰው አይበዛም፤ እኔ ግን ከምስሉ አሳንሼ አላየውም። በድሮ ካሴት ውስጥ የአያቶቻችን ምርቃት፣ የሚዜዎቹ ዘፈን፣ የሴቶቹ እልልታ አለ። እልልታ ቀጭንና ፈጣን ድምፅ በመሆኑ ዝቅተኛ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ የሚመደበው የቢት መጠን) መጀመሪያ የሚጎዳው እሱን ነው፤ በ64 ኪሎቢት ሲታመቅ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የዲቪዲው ድምፅ ከምስሉ ጋር ሲነጻጸር ቦታ ስለማይፈጅ ሳይነካ እንዳለ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል።

ዛሬ ዋናውን ጨርሶ አላምቅም። 4.7 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ በአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ከ200 በላይ ጊዜ ይገባል፤ ስለዚህ የቤተሰብ ዲቪዲ ሲመጣልኝ መላውን ዲስክ እንዳለ እገለብጣለሁ። ለቪኤችኤስ የምመርጠው ኤፍኤፍቪ1 የተባለውን ምንም የማያስቀር ኮደክ ነው። አንድ ሰዓት የፓል ቪዲዮ ሳይታመቅ 75 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ኤፍኤፍቪ1 አንዲት ፒክሰል ሳይለውጥ ያንን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ዝርዝር አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ስለታተመ ማንም ሰው ወደፊት ማጫወቻ ሊሠራለት ይችላል። የሚታየውን ትንሽ ቅጂ የማወጣው ከዚህ ነው። አዳዲሶቹ ኮደኮች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ኤች 265ም ሆነ በ2018 የመጣው ኤቪ1፣ የሚጠቅሙት ለዚህ ለሁለተኛው ቅጂ ነው፤ የድሮውን የዲቭኤክስ ፋይል በእነሱ እንደገና ማመቅ ግን ባለው ጉዳት ላይ አዲስ ጉዳት መደረብ ነው።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል፤ አሁን ያሉት ዴኮች ጎማቸው የደረቀ፣ ሄዳቸው ያለቀ ነው። በሌላ በኩል ያ የጥንቱ የሲዲ ልማድ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል። አንድ ሰው ጥሩ አድርጎ የገለበጠውን ሠርግ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንደ ቪዲዮ ሲልከው ቴሌግራም እንደገና ያምቀዋል፤ ዱባይና ቤይሩት ያሉ ልጆች የሚያስቀምጡት ያንን ነው። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይደርሳል።

በእጃችሁ ያለው የታመቀ ፋይል ብቻ ከሆነ እንዳለ አስቀምጡትና ሠርጉን የቀረጸውን ባለሙያ ፈልጉ። በሚኒዲቪ ካሜራ ተቀርጾ ከሆነና ካሴቱ ካልተቀዳበት፣ በፋየርዋየር ገመድ አማካይነት ካሴቱ ላይ ያለው ነገር እንደገና ሳይታመቅ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ይሻገራል፤ ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ስትሄዱ የሠርጉን ቀንና የሁለቱንም ሙሽሮች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ የባለሙያው መደርደሪያ ላይ ያሉት ካሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚለዩት በእነዚህ ነው።