አራት ምግብ ብቻ የሚበላ ልጅ እና የመዝናኛ ፓርክ የምግብ ጥቅል

ስምንት ዓመት የሆነው ልጄ ኦቲዝም አለበት። የሚበላው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ወጥ ያልነካው ነጭ ሩዝ፣ በርበሬ የሌለበት የማሽላ እንጀራ ድርቆሽ፣ ሙዝና ዳቦ ቆሎ። ሙዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካየ አይቀምሰውም፤ ሩዙም ሳህን ላይ ከሌላ ምግብ ጋር ከተነካካ ሳህኑን ከፊቱ ይገፋዋል። ስለዚህ አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ፍሎሪዳ የሚገኘውን ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለ የመዝናኛ ፓርክ ልታሳየን ስትጋብዘን፣ እኔን ያስጨነቀኝ የጉዞው ርዝመት ወይም የሕዝቡ ብዛት ሳይሆን፣ ከድሬዳዋ ከወጣን በኋላ ልጄ ምን ይበላል የሚለው ነበር።

ሐረር ያለችው እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሲርበው ይበላል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። ይህን ምክር ከእርሷ ብቻ አልሰማሁትም፤ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ አይሠራም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ምግብ የሚመርጡት ጠግበው ወይም ተሞላቅቀው ሳይሆን፣ የምግቡ ሽታ፣ መልክ፣ ልስላሴና ሻካራነት ከሌላው ሰው ይበልጥ በርትቶ ስለሚሰማቸው ነው። እንግዳ ቦታ ደግሞ ምርጫቸውን ያጠበዋል እንጂ አያሰፋውም። ልጄ አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ውለን ከጠዋት እስከ ማታ በውኃ ብቻ አሳልፏል።

እኅቴ የምግብ ጥቅል፣ ማለትም ዋጋው አስቀድሞ የሚከፈል ምግብ ገዛችልን። ይህ ጥቅል በፓርኩ ሆቴሎች ለሚያድሩ እንግዶች የሚሸጥ ሲሆን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ተቋርጦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 እንደገና የተጀመረ ነው። የእኛ ዓይነቱ ለእያንዳንዱ ሰው በየሌሊቱ ሁለት የፈጣን ምግብ ቤት ምግብና አንድ መክሰስ ይሰጣል። ሒሳቡ የሚሠራው በቀን ሳይሆን በሌሊት ስለሆነ፣ አራት ሌሊት ያደርን ሦስት ሰዎች 24 ምግብና 12 መክሰስ ነበረን ማለት ነው። ያኔ በአንድ ክፍል የተመዘገበና ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያንኑ ጥቅል መግዛት ስለነበረበት፣ ልጄ ባይበላም ተከፍሎለታል። በዚያ ዓመት የአንድ ሌሊት ዋጋው ለአዋቂ 57.01 ዶላር፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 23.83 ዶላር ነበር። እኅቴ ክፍያውን እንዳናባክን እያለች ለልጁ ሜኑ ስትመርጥለት ከረመች። እኔ ግን ጥቅሉ የተሰላው ለተራበ ሰው እንጂ ነገ ምን እንደሚቀርብለት ዛሬ ማወቅ ለሚፈልግ ልጅ እንዳልሆነ ስለገባኝ፣ የእርሱን ድርሻ እንደጠፋ ቆጥሬ ምግቡን ከቤት ለመያዝ ወሰንኩ። ይህን ውሳኔ ባልወስን ኖሮ አራቱን ቀን «ብላ፣ አትብላ» ስንጨቃጨቅ እናሳልፈው ነበር።

ፓርኩ ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል፤ ድርቆሽ ደግሞ ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው። ከጉዞው በፊት ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠን፣ ሩዙን ከሳህን ሳይሆን ከወረቀት ሣጥን እንዲበላ አለማመድኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሣጥኑን እያገላበጠ ከማየት በቀር አልበላበትም። በአራተኛው ሳምንት የጆሮ መሸፈኛውን እንዳደረገ ግማሹን በላ። የሐምሌን ሙቀት ለድሬ ልጅ ማለማመድ አላስፈለገኝም፤ የፍሎሪዳው ግን ወበቅ ያለበት ነው፤ ልብስ ያጣብቃል።

ስሕተቴን የሠራሁት ዳቦ ቆሎው ላይ ነው። ልጄ የሚያውቀው ቤት ውስጥ ባለ የማር ጠርሙስ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ከነጠርሙሱ ይዤው ሄድኩ። ብርጭቆና ጠርሙስ ወደ ፓርኩ እንደማይገባ በጽሑፍ የተገለጸ ነገር ነበር፤ አላነበብኩትም። መግቢያው ላይ ዳቦ ቆሎውን ወደ ፌስታል ገለበጥነው፤ ለልጄም በዚያች ቅጽበት ሌላ ምግብ ሆነበት። ከአራቱ ምግቦች ሦስቱ ብቻ ቀሩን።

ጥቅሉ የጠቀመን ባልጠበቅነው መንገድ ነው። በስልክ መተግበሪያ አስቀድሞ ምግብ ማዘዝ ስለሚቻል ልጄ የምግብ ሰልፍ ላይ መቆም አላስፈለገውም። ኦቲዝም ላለባቸው እንግዶች የሚሰጠው የሰልፍ ማቅለያ አገልግሎት ለመጫወቻዎቹ እንጂ ለምግብ ቤት ስለማይሆን፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። መክሰሱን ለሙዝ አዋልነው። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ እኅቴ ሩዙ ለብቻው፣ ምንም ሳይነካው እንዲሰጣት ጠይቃ ሣጥን ሙሉ ነጭ ሩዝ ይዛ ስትመለስ፣ የከዚራው ልምምድ ዋጋውን አገኘ።

አንድ ቀን ብቻ ከጥቅሉ ውጪ ከፍለን፣ አኒማል ኪንግደም በተባለው ፓርክ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን መንደር አስመስለው በሠሩት በሐራምቤ፣ ተስከር ሃውስ የተባለ ምግብ ቤት ገባን። ቡፌ ስለሆነ ልጁ ምግቡን አይቶ፣ ርቆ አሽትቶ፣ ራሱ መምረጥ ይችላል፤ ለእንደ እርሱ ዓይነት ልጅ ከሜኑ ይልቅ ቡፌ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ የካርቱኑን ዳክዬ የዶናልድን ልብስ የለበሰ ሰው በየጠረጴዛው እየዞረ ልጆችን ማቀፉ ነው። አስቀድመን ለአስተናጋጇ ስለነገርናት ዳክዬው ከሩቅ እጁን አውለብልቦልን አለፈ። ልጄ መልሶ አላውለበለበም፤ ሩዙን ግን አላቋረጠም።

በመውጫችን ቀን ስድስት መክሰስ ተርፎን ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቃጠል፣ እኅቴ በሩጫ ሄዳ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላሉት ጎረቤቶቻችን ልጆች የሚሆን ጣፋጭ ገዛችበት። እርሷ ጣፋጩን ሻንጣ ውስጥ ስትደረድር፣ ልጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ ያንን ፌስታል ፈትቶ ዳቦ ቆሎውን አንድ በአንድ እያነሣ ይበላ ነበር።