ለኮሌጅ ቡድናችን ጋርድ የመረጥንበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በዲቪዥን ቱ፣ ማለትም በሁለተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ በሚጫወት አንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ ከወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር እሠራለሁ። ሥራዬ ቪዲዮና ቁጥር ነው። ጨዋታ እቆራርጣለሁ፣ ሰንጠረዥ እሠራለሁ፣ ኮቹ ሲጠይቀኝ መልስ ይዤ እቀርባለሁ። አንድ የውድድር ዘመን ላይ ብዙ ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አመለጠን። የዚያን ፀደይ ኮቹ ጠራኝና «ከሌላ ኮሌጅ ጋርድ እናመጣለን፤ ዝርዝር አውጣልኝ» አለኝ። ጋርድ ማለት ኳሱን ወደፊት የሚያመጣውና ለጓደኞቹ የሚያከፋፍለው ተጫዋች ነው። ያን ዝርዝር እንዴት እንዳወጣሁና የመጣው ልጅ ምን እንደለወጠ ልንገራችሁ። የልጁንም የኮሌጁንም ስም አልጠራም። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ በቴሌቪዥን የምታውቋቸውን ትልልቅ ቡድኖች እጠቅሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ገበያው ትንሽ። ድሮ ከአንድ ዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ ወደ ሌላው የተዛወረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በአብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2018 ጥቅምት ላይ ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው መዝገብ ተከፈተ። ተጫዋቹ ስሙን ያስገባል፣ ከዚያ ሌሎች አሠልጣኞች ያናግሩታል። በ2021 ለመጀመሪያ ዝውውር መቀመጥ ቀረ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በደንብ እስከያዘ ድረስ ስንት ጊዜም ቢዛወር ወዲያው መጫወት ይችላል ተባለ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት መቻላቸውን ጨምሩበት። አሁን ፀደይ በመጣ ቁጥር ከዲቪዥን ዋን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ብቻ ከሺህ በላይ ስም ይገባል።

እኛ ጋ ገንዘብ የለም። ዲቪዥን ቱ ውስጥ አንድ የወንዶች ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ የ10 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ነው፤ ያውም ኮሌጁ አቅም ካለው። ያንን ከፋፍሎ ማደል ይቻላል። ስለዚህ ለአንድ ጋርድ ሙሉውን ሰጠን ማለት ለሁለት ልጆች ግማሽ ግማሹን ከለከልን ማለት ነው። ዝም ብሎ መሞከር አያዋጣም።

ፖርታሉን ከመክፈቴ በፊት የራሳችንን ቡድን አየሁ። የተሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ቆርጬ አንድ ላይ ሰፋሁት። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ነጥብ የሚያገባ ሰው አጣን» ይል ነበር። ቪዲዮው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያሳየው። ኳስ የሚያመጣው ልጃችን የሜዳውን አጋማሽ ሲያልፍ ሁለት ሰው ይመጣበታል። ይደነግጣል፣ ኳሱን ማንጠር ያቆማል። ኳሱ ከቅርጫቱ ርቆ ለቆመው ረጅሙ ልጃችን ይደርሳል፤ እሱም ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ሰዓቱ 30 ሰከንድ ነው፣ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ አንዱ በግድ ይወረውራል። ወርዋሪዎቻችን መጥፎ አልነበሩም። ኳሱ የሚደርሳቸው ግን ዘግይቶ፣ የተከላካይ እጅ ፊታቸው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እንዲህ ላለ ቡድን ሌላ ወርዋሪ መጨመር ጨው የጎደለው ወጥ ላይ በርበሬ መነስነስ ነው።

ሒሳቡን ለኮቹ ያስረዳሁት በቀላሉ ነው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ኳስ ይዞ የሚያጠቃበት ዕድል 70 ገደማ ነው እንበል። እያንዳንዱ ዕድል በአማካይ አንድ ነጥብ ያህል ያወጣል። ሹት እንኳ ሳንሞክር 15 ጊዜ ኳሱን ለተጋጣሚ የምንጥል ከሆነና አዲሱ ጋርድ ያንን ወደ 12 ካወረደልን፣ ሦስት ዕድል ተመለሰልን። ሦስት ዕድል ሦስት ነጥብ ነው። እኛ ደግሞ በሁለት ነጥብ ስንሸነፍ የከረምን ሰዎች ነን። ዲን ኦሊቨር የሚባለው የቅርጫት ኳስ ቁጥር ተንታኝ ጨዋታ የሚወስኑ ብሎ ካስቀመጣቸው አራት ነገሮች ውስጥ፣ ኳስ አለመጣል ከሹት ጥራት ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ኮቹ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይወድም። «በሁለት ነጥብ» የሚለው ግን ገባው።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ። በጨዋታ ስንት ነጥብ እንዳገባ የሚያሳየውን ዓምድ ከሰንጠረዡ ደበቅሁት። ለምን ብትሉ፣ ትሪስተን ኒውተን የሚባለውን ጋርድ ተመልከቱ። ኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እያለ በጨዋታ 17.7 ነጥብ ያገባ ነበር። ዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 10.1 ወረደ። በቁጥር ብቻ ካየነው ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል። ዩኮን ግን በዚያው ዓመት፣ በ2023፣ የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫ አነሳ። በ2024 ሲደግሙት ደግሞ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው። ያኔ አጠገቡ የነበረው ካም ስፔንሰርም ከሎዮላ ሜሪላንድ ተነስቶ በራትገርስ በኩል የመጣ ነው። ሎዮላ እያለ 19 ነጥብ ሊሞላ ትንሽ ነበር የሚቀረው፤ ዩኮን ላይ ወደ 14 ዝቅ አለ፣ ዋንጫም ወሰደ። በትንሽ ቡድን ውስጥ ኳሱ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ያልፋል። ትልቅ ቦታ ሲመጣ የሚካፈሉት ይበዛሉ።

ከሁለቱ በፊት ዩኮን ያመጣው አር ጄ ኮል ደግሞ የሀዋርድ ልጅ ነበር። ሀዋርድ ማለት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን ወደ ዩ ስትሪት ሐበሻ ምግብ ቤቶች ስንሄድ በአጠገቡ የምናልፈው ግቢ ነው። እዚያ በጨዋታ ከ20 ነጥብ በላይ ያገባ ነበር። ሲዛወር በድሮው ሕግ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ዩኮን ላይ ከገባ በኋላ ቁጥሩ ወረደ፣ ቡድኑ ግን ወጣ።

ታዲያ ምን አየሁ? ለጓደኛ ያመቻቸውን ኳስ ከጣለው ኳስ ጋር አወዳደርኩ። ያንንም ከጠንካራ ቡድኖች ጋር በተጫወተባቸው ቀናት ለብቻው አወጣሁት፤ ደካማ ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሦስት ነጥብ አወራወሩን ስፈትሽ የነጻ ውርወራውን መቶኛም አብሬ አየሁ። አንድ ልጅ በዓመት 100 ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ቢወረውር፣ በ35 እና በ40 ከመቶ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ኳስ ብቻ ነው። አምስት ኳስ ዕድልም ሊሆን ይችላል። ነጻ ውርወራ ላይ ግን ተከላካይ የለም፣ ርቀቱ አይለወጥም፤ እጁ ደህና መሆኑን የበለጠ ይነግርሃል።

ቁጥሩ ዝርዝሩን አሳጠረልኝ እንጂ አልመረጠልኝም። የመረጠው ቪዲዮ ነው። ሃይላይት የሚባለውን አልነካሁም። ሃይላይት ላይ ማንም ኳስ አይጥልም። ሙሉ ጨዋታ ጠየቅሁ፣ በተለይ የተሸነፈባቸውን። ሁለት ሰው ሲመጣበት ወደ ኋላ አፈግፍጎ ቦታ ይከፍታል ወይስ ጀርባውን ይሰጣል? ግራ እጁ ይሠራል? ኳስ በሌለው ጊዜ ቆሞ ያያል ወይስ ይንቀሳቀሳል? ተከላካይ ሲሆን፣ ረጅሙ ሰው መንገዱን ሲዘጋበት ታግሎ ያልፋል ወይስ ሰውየውን ለጓደኛው ይተዋል? ኮቹ ሲያስወጣው ወንበር ላይ የት ይቀመጣል? የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ያየሁት እሱን ነው።

ረዳት አሠልጣኞቹ የወደዱት ሌላ ልጅ ነበር። ይዘላል፣ ከሩቅ ያገባል፣ ተከታይም አለው። ቪዲዮውን አብረን ስናይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ «ኮች፣ ይሄ ልጅ ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳሱን ለማን ይሰጣል?» ለማንም አልሰጠም። ኮቹ ዝም ብሎ የሚቀጥለውን ክፈት አለኝ። የሚቀጥለው በነጥብ ብዛት ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ከሚሸነፍ ቡድን የመጣ ልጅ ነበር። ሁለት ሲመጡበት ፈገግ የሚል ነው የሚመስለው። ኳሷ ከእጁ የምትወጣው ሳይጨነቅ ነው። ኮቹ የድሮ አሠልጣኙ ጋ ደወለ። እኔ ደግሞ እዚያ እንደኔ ቪዲዮ ለሚሠራው ሰው ደወልኩ። የሠራተኛ ወሬ ይሻላል፤ አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ከሽንፈት በኋላ ማንን እንደሚወቅስ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ አንድ የሜሪላንድ ሐበሻ ልጅም ነበረበት። ኮቹ «አማርኛ ትችላለህ አይደል?» ብሎ እናቱን እንዳነጋግር ስልኩን ሰጠኝ። ስለ ቡድኑ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ልምምዱ ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው፣ «ይሁን የኔ ልጅ፤ እስካሁን የተማረውስ ይቆጠርለታል?» አሉኝ። ከማንም ያልሰማሁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ክሬዲት ሁሉ አይሻገርም። አንዳንዱ ኮርስ ለዲግሪው ሳይቆጠር ይቀራል። መጫወት የሚፈቀደው ደግሞ ወደ ዲግሪው በበቂ ፍጥነት ለሚጓዝ ተማሪ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ ሄጄ አጣራሁላቸው፤ መልሱ ደስ የሚል አልነበረም። ልጁ ብዙ ክሬዲት ወደሚቆጠርለት ሌላ ኮሌጅ ሄደ። እኔም ብሆን እዚያ ሂድ ነበር የምለው። ከዚያ ወዲህ የክሬዲቱን ነገር ከስልክ ጥሪ በፊት ነው የምጨርሰው።

ፈገግተኛው መጣ። የመጀመሪያው ችግር ጨዋታ አልነበረም፤ የነባሩ ጋርዳችን ልብ ነው። ኳስ ማምጣት የእሱ ሥራ ነበር፣ ተነጠቀ። ኮቹ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ የድሮውን ቪዲዮ አሳየው። ስንት ጊዜ ደክሞት፣ እጅ ፊቱ ላይ ሆኖ እንደወረወረ አየ። ከዚያ ወደ ጎን ወጥቶ ተቀባይ ሆነ። ኳሱ ሲደርሰው እግሩ ተዘጋጅቷል፣ ተከላካዩ ገና እየሮጠ ነው። ያው ልጅ፣ ያው እጅ፣ ግን የሚያገባ ሰው ሆነ። ያ ሁሉ ሰው አጣን ያለው ነጥብ አግቢ እቤት ውስጥ ነበር።

እኔን የገረመኝ መከላከሉ ነው። አዲሱ ጋርድ መንገድ ሲዘጋበት ታግሎ ስለሚያልፍ፣ ረጅሙ ልጃችን እሱን ለመርዳት ወደ ውጭ መውጣት ተወ። ከቅርጫቱ ሥር ቀረ። ከሥር ስለቀረ የተመለሰውን ኳስ ይለቅማል። ሪባውንዳችን የተሻሻለው በጋርድ ምክንያት ነው ብል ያልገባቸው ሰዎች አሉ፤ ቪዲዮውን አሳያቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልመጣም። ልጁ የሚያውቃቸው የማጥቃት ስልቶች እኛ ጋ ሌላ ስም አላቸው፤ በጨዋታ መሃል አንዱ ወደ ግራ ሲሮጥ ሌላው ቀኝ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ተሸነፍን። ገናን በጭንቀት ነው ያሳለፍነው። ኮቹ ልጁ የሚወዳቸውን ጥቂት ስልቶች በእሱው አጠራር ወደ እኛ መዝገብ አስገባለት፤ ያ በጣም ረዳ። ጥር ላይ ሲጣበቅብን የነበረው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ መላላት ጀመረ። ዋንጫ አልወሰድንም። የምንሸነፍባቸውን ዓይነት ጨዋታዎች ግን ማሸነፍ ጀመርን።

የ2025ን የዲቪዥን ዋን ፍጻሜ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የፍሎሪዳ ሦስቱ ጋርዶች ሁሉም ተዛዋሪዎች ነበሩ፦ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት፣ ዎልተር ክሌይተን ከአዮና፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ። ክሌይተን በግማሽ ፍጻሜው ኦበርን ላይ 34 ነጥብ አስቆጥሯል። በፍጻሜው ሂውስተን ጠፍሮ ያዘው፤ እስከ ዕረፍት አንድ ነጥብ እንኳ አላገባም። ሂውስተን በሁለተኛው አጋማሽ በ12 ነጥብ መራ። ክሌይተን ግን ኳስ ማካፈሉን አላቆመም። ፍሎሪዳ 65 ለ63 ሲመራ የመጨረሻው ኳስ የሂውስተን ነበር። ኢማኑኤል ሻርፕ ሊወረውር ሲዘል ክሌይተን ከፊቱ ደረሰ። ሻርፕ ኳሱን ለቀቀው፣ መልሶም ሊይዘው አልቻለም፤ ሰዓቱ አለቀ። ያ ሁሉ ነጥብ ያገባው ሰው ዋንጫውን ያረጋገጠው ሮጦ ደርሶ እጁን በማንሳት ነው። ያንን ቁራጭ ለልጆቻችን ደጋግሜ አሳይቻለሁ።

ዋጋም አለው፣ አልደብቅም። ተዛዋሪ በመጣ ቁጥር ከሁለተኛ ደረጃ ሊመጣ የነበረ አንድ ልጅ ቦታ ያጣል። አሠልጣኝ 22 ዓመት የሞላው፣ የተፈተነ ሰው እያለለት የ18 ዓመቱን ለማሳደግ ትዕግሥት የለውም። እኔ ይሄ ነገር አይጥመኝም፤ ግን ኮቹም ከተሸነፈ ከሥራው ይባረራል። የእኛ ጋርድ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር ኮቹ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር አዘዘ፦ የመጀመሪያ ዓመቱ ጋርዳችን ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ከእሱ ጎን ይቀመጥ። ትልቁ ልጅ ሁለት ተከላካይ ሲመጣ መጀመሪያ የማንን እግር እንደሚያይ ያስረዳዋል፣ ትንሹ ይጽፋል። ዘንድሮ ኳሱን የሚያመጣው ትንሹ ነው። አሁንም ይጥላል፣ ግን አይደነግጥም። ስለዚህ ፖርታሉ ሲከፈት የማወጣው ዝርዝር የጋርድ አይደለም። ረጅሙ ልጃችን ሊመረቅ ነው።