አስራ አንድ ስለት ይዘን ቡና ልናፈላ

የእህቴ ባል ዕቃ ሲገዛ የሚያምነው ቁጥርን ነው። አንድ ደህና ቢላ ግዛ ቢሉት ቅር ይለዋል፤ አስራ አንድ ዕቃ የያዘ ሳጥን በቅናሽ ሲያገኝ ግን ፊቱ ይበራል። ከስቶክሆልም በስተደቡብ ባለው የሶርምላንድ የእግር መንገድ ላይ፣ ተጓዥ የሚያርፍበት የእንጨት ዳስ አለ። እዚያ ቡና ልናፈላ በሄድን ዕለት ያንን ሳጥን አቅፎ ከባቡር ወረደ። ጀርባው ጥርሳም የሆነ ጥቁር ጩቤ፣ ገጀራ፣ ሦስት የሚወረወሩ ቢላዎች፣ ሰንጢ፤ የቀረው ለምን እንደሚሆን ሳጥኑ ራሱ አልጻፈውም።

«በዚህ ጫካ ውስጥ አንድ ወር መኖር ይቻላል» አለ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ነበር። ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ እንደያዘች «እኔ እስከ በረካ ብኖር ይበቃኛል» አለችው።

የጩቤው እጀታ ባዶ ቱቦ ነው። ውስጡ መንጠቆና ክር፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ኮምፓስ አለው። ሰሜንን ሊያሳየን ጩቤውን አዞረ፤ መርፌዋም አብራው ዞረች። የኮምፓስ መርፌ ማግኔት ናት፤ ያን የሚያህል ብረት አጠገቧ ተቀምጦ ሌላ ሰሜን ከየት ታምጣ? ለማንኛውም መንገዱ በብርቱካንማ ቀለም ምልክት የተደረገበት ስለሆነ አልጠፋንም።

ዳሱ ጋ ክንድ የሚያክል ያልተፈለጠ የበርች ዛፍ ማገዶ ተቀምጦ ነበር። የእህቴ ባል በጩቤው ጀርባ መገዝገዝ ጀመረ። የእውነተኛ መጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ዘመም ብለው የተሠሩ ናቸው፤ የሚቆፍሩት ቦይ ከብረቱ ውፍረት ስለሚሰፋ ብረቱ እንደልቡ ይመላለሳል። የጩቤ ጀርባ ጥርስ ግን ቀጥ ብሎ የተፈለፈለ ጌጥ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደገባ ነክሶ ይቀራል። ነክሶም ቀረ። ይህ ሳያንስ ጀርባው ጥርስ ስለሆነ አውራ ጣት አሳርፈህ መጥረብም፣ እንጨት ለመፍለጥ በዱላ መምታትም አይመችም።

ዱላ ስል ሰማኝና መምታት ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተሰበረው፤ ቃል በቃል። ባዶ እጀታ ባለው ቢላ ብረቱ ወደ እጀታው የሚዘልቀው የጣት አንጓ ያህል ነው፤ ቀሪው ብሎንና ሙጫ ነው። ጫፉን በዱላ ስትመታ ጉልበቱ ሁሉ ስለቱና እጀታው በሚገናኙባት በዚያች ጠባብ ቦታ ይከማቻል። ሦስተኛው ምት ላይ ስለቱ በርቹ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፣ እጀታው ከነኮምፓሱ እጁ ላይ። እናቴ «አሁን ሰሜን የት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

በአስራ አንዱ ፋንታ ሦስት ዕቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ቢላ ነው፤ ርካሽ ቢላ የሚፈልግ ሰው ስዊድን ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሞራ ከተማ አካባቢ ያለው የሞራክኒቭ ፋብሪካ ከ1891 ጀምሮ ቢላ ይሠራል፤ ኮምፓኒየን የሚባለው ተራው ሞራ በየመሣሪያ መሸጫው ይገኛል። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ባይዘልቅም አብዛኛውን ይይዛል፤ ለቡና ማገዶ ከበቂ በላይ ነው። ግንድ እየፈለጥክ መክረም ካማረህ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ወፍራሙን ውሰድ። አይዝጌውንና የሚዝገውን ለመምረጥ አትጨነቅ፤ እርጥብ ቢላ አፎት ውስጥ ከትተህ የምትረሳ ከሆንክ አይዝጌው ይሻልሃል። በቢላ ጀርባ ሲፋቅ ብልጭታ የሚያወጣውን እሳት መጫሪያ ዘንግ የምትጠቀም ከሆነ ግን የጀርባውን ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው። የኮምፓኒየን ጀርባ ለስለስ ያለ ስለሆነ ብልጭታ በደንብ አያወጣም፤ በሞረድ አንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ቀጥ ያለ ጠርዝ ካወጣህለት ይበቃል።

ሁለተኛው ዕቃ ቢላ ሳይሆን መጋዝ ነው። ባህኮ ላፕላንደር የሚባለው ታጣፊ መጋዝ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚቆርጠውም ስትስበው ብቻ ሳይሆን ስትገፋውም ነው። ብዙ ሰው በቢላ ለማድረግ ሲታገል ቢላ የሚሰብረው ሥራ የዚህ መጋዝ ሥራ ነው። ማገዶውን 30 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ቁረጥ፣ ጉጥ የሌለበትን ምረጥ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ስለት ከ7 ሴንቲ ሜትር የወፈረ አትፍለጥ፤ ዱላው የሚያርፍበት የስለቱ ጫፍ ከእንጨቱ ማለፍ አለበት። ፍልጡን መሬት ላይ አቁመህ ተንበርክከህ ምታ። ጭን መሃል አስገብቶ መጥረብ የሚባለውን ነገር ተወው፤ ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር አለ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው።

ሦስተኛው ለሽንኩርትና ለዳቦ የሚሆን ኦፒኔል ቁጥር 8፣ የፈረንሳይ ሰንጢ። ስለቱ ቀጭን፣ እጀታው እንጨት ነው። ቀለበቱን ካዞርከው ጣትህ ላይ አይታጠፍም። ዝናብ ሲነካው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል፤ ያኔ በጥርስ መታገል አያስፈልግም፣ የእጀታውን ቂጥ ጠንካራ ነገር ላይ ጠቅ ስታደርገው ስለቱ ብቅ ይላል።

ከቦርሳዬ ሞራውንና መጋዙን አውጥቼ ማገዶው ተቆረጠ፣ ተፈለጠ፣ ፍቅፋቂው ተያያዘ። እናቴ አቦልን ስትቀዳ የእህቴ ባል አሁንም ስለቱን ከበርቹ ለመንቀል ይታገል ነበር። ስለት ስለመሳል ጠየቀኝ። የሞራ ስለት ጎኑ ሰፊና ዝርግ ነው፤ ያንን ዝርግ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝተህ መግፋት ነው፣ ማዕዘን መገመት የለም። ለደነዘ 400፣ ለማጠናቀቂያ 1000 ቁጥር ድንጋይ ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል። ከዚያ በቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ ማለስለስ። ስለቱን ወደፊት ከገፋኸው ቀበቶህን ነው የምትቆርጠው።

ስንመለስ ገጀራውን ወገቡ ላይ ሊያንጠለጥል ሲል አስቆምኩት። የስዊድን ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ቢላ መያዝን ይከለክላል፤ ባቡር ውስጥ «ቡና አፍልተን ነው» ብሎ ከገጀራ ጋር ማስረዳት ይከብዳል። ሁሉንም ጠቅልሎ ቦርሳው ሥር ከተተው።

እናቴ ግን ሦስቱን የሚወረወሩ ቢላዎች ለጎመን አየቻቸው። ጎናቸው ደነዝ ነው፣ የሾለው ጫፋቸው ብቻ ነው አልኳት።

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

«ሲወረወሩ ይሰካሉ፣ እማዬ» አላት የእህቴ ባል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ሄዶ መንቀል ነው።»