ማዕረግ የቤተሰብ ስም ሲሆን

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለችው ጠባብ የትርጉም ቢሮዬ ባለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ከወጡት የጀርመንኛ ሰነዶች መካከል፣ ተመልሶ መጥቶ ያሳፈረኝ አንድ ብቻ ነው። ሰነዱ የአንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ «የቤተሰብ ስም» በሚለው መስመር ላይ «ፍራይኸር ፎን» ብሎ የሚጀምር ረጅም ስም ሰፍሮበት ነበር። ፍራይኸር ከባሮን ጋር የሚስተካከል የመኳንንት ማዕረግ መሆኑን ስለማውቅ፣ ዕውቀቴን ለማሳየትም ጭምር፣ «ባሮን» ብዬ ተርጉሜ ከሰውዬው ስም ፊት አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተሰምሮበት ተመለሰ፤ በኅዳጉም ላይ «የቤተሰብ ስም አይተረጎምም» የሚል አጭር ማስታወሻ ነበረበት። ተስፋዬ የተባለን ሰው ስም በጀርመንኛ «የእኔ ተስፋ» ብሎ የመጻፍን ያህል መሳሳቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰነዱን በነጻ እንደገና ሠርቼ አስረከብኩ።

ነገሩን ስመረምረው መነሻው አንድ የሕግ አንቀጽ ሆኖ አገኘሁት። የጀርመን ንጉሠ ነገሥትና በሥሩ የነበሩት ነገሥታትና መሳፍንት በኖቬምበር 1918 (የአውሮፓን ዘመናት እዚህ የምጽፈው በእነርሱው አቈጣጠር ነው) ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ፣ በኦገስት 1919 የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት በ109ኛው አንቀጹ በትውልድ የሚገኘውን የመኳንንት መብት ሽሮ፣ ማዕረጎቹ የስም አካል ሆነው ብቻ እንዲቀሩ፣ ከእንግዲህም ለማንም እንዳይሰጡ ደነገገ። ትናንት «ልዑል» ማለት የነበረው ቃል በማግስቱ ከ«ሙለር» እና ከ«ሽሚት» የማይለይ የቤተሰብ ስም ሆነ ማለት ነው። በ1926 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ስሞች እንደ ድሮው ማዕረግ ለወንድና ለሴት መልካቸውን ለውጠው ሊጻፉ እንደሚችሉ ወሰነ፤ ስለዚህ ባል «ፕሪንትስ» (ልዑል) ተብሎ በተጻፈበት መዝገብ ላይ ሚስት «ፕሪንትሴሲን» (ልዕልት) ተብላ ትጻፋለች፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም በሕግ ፊት አንድ የቤተሰብ ስም ናቸው። ለተርጓሚ ከዚህ የባሰ ወጥመድ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በቅርቡ ወደ ቢሮዬ የመጣች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ጀርመናዊ ልታገባ ስለሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና ያላገባች መሆኗን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ልታስተረጉም መጥታ፣ አታሚዬ ወረቀት ነክሶ እስካላቅቀው ድረስ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ይቺን አሜሪካዊት አይተዋታል? የባንክ ባለሙያ ነበረች፤ አሁን ልዕልት ሆናለች አሉ» አለችኝ። እኔም ቀዩ ቀለም ትዝ ብሎኝ፣ «በሕግ ከሆነ ልዕልት አልሆነችም፤ ልዕልት የሚል የቤተሰብ ስም ያላት ሴት ነው የሆነችው» ብዬ መለስኩላት። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ ሳቀች። የዚያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም።

አሜሪካዊቷ ኬሊ ሮንደስትቬት ትባላለች፤ የፍሎሪዳ ተወላጅ ስትሆን በኢንቨስትመንት ባንክ ሙያ ላይ ሳለች በሜይ 2009 ከጀርመን የቀድሞ መሳፍንት ቤቶች አንዱ የሆነው የዛክሰን-ኮቡርግ-ጎታ ቤት ወራሽ የነበረውን ሁበርቱስን አገባች። እርሱም በሙያው የሕግ ሰው ነው። በሥነ ሥርዓቱ አስቀድሞ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተፈራረሙ፤ በጀርመን ሕግ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው ይህ ፊርማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ተከተለ። እኛ ዘንድ በሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሦስቱም በሕግ እኩል ስለሚቆጠሩ፣ ሁለት ጊዜ መጋባታቸው ለድግስ ሲባል የተደረገ ሊመስለን ይችላል።

ይህ ቤት ትንሽ አገር ነበረው፤ ዘሩ ግን ሰፊ ነበር። በ1831 የቤልጅግ የመጀመሪያው ንጉሥ የሆነው ሌዎፖልድ ከዚሁ ቤት ወጣ፤ በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያን ያገባው አልበርት የተወለደው ኮቡርግ አጠገብ ባለው በሮዘናው ነው፤ የፖርቱጋልና የቡልጋሪያ ዙፋኖችም ከዚሁ ቤት በወጡ ሰዎች ተይዘው ነበር። የእንግሊዝ ነገሥታት ሳይቀሩ ይህንኑ ስም ይዘው ቆይተው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል በ1917 ሕዝባቸው የጀርመንን ስም መስማት ሲጠላ «ዊንድዘር» ወደሚለው ለወጡት። እዚህ ላይ ግን ደስ የማይለውን ወገን መዝለል አልወድም፤ የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ሆኖ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ ዙፋኑን ካጣ በኋላ የናዚ ፓርቲ አባልና በዚያ ዘመን የጀርመን ቀይ መስቀል ፕሬዚዳንት ነበር። ወደዚህ ቤት በጋብቻ የሚገባ ሰው ይህንንም ከስሙ ጋር ይረከባል።

ጋብቻው የተባረከበት ቤተ ክርስቲያን ነገር ደግሞ ለእኛ አንባቢ ለብቻው የሚነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ኮቡርግ ከተማ ያለው የቅዱስ ሞሪስ ነው፤ ሞሪስም በትውፊቱ ከላይኛው ግብጽ፣ ከቴብስ የመጣ የሮማ ጦር አለቃ ሆኖ ስለ ክርስትናው የተሠዋ ሰማዕት ሲሆን፣ ጀርመኖች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ጥቁር አድርገው ሥለውታል። የኮቡርግ ከተማ አርማም ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያደረገ የጥቁር ሰው ራስ ነው። ኮቡርግ በ1929 የከተማ ምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር ለናዚ ፓርቲ በመስጠት ከጀርመን ከተሞች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ናዚዎቹም በ1934 የጥቁሩን ራስ ከአርማው አውጥተው በሰይፍና በስዋስቲካ ተኩት፤ በ1945 ሲሸነፉ ጥቁሩ ራስ ወደ ቦታው ተመለሰ። አርማውን መጀመሪያ ያየሁት በአንድ የኮቡርግ ሰነድ ማኅተም ላይ ነው፤ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አየሁት።

ለዚህች የባንክ ባለሙያ በዚያ ቤተ ክርስቲያን መቆም የተቻላት በቀላሉ አልነበረም፤ ከሁለት ትውልድ በፊት ቢሆን ኖሮ ባሏን ወራሽነቱን ታሳጣው ነበር። የእነዚህ ቤቶች ሕግ ወራሹ በትውልድ እኩያው የሆነችውን ብቻ እንዲያገባ ያስገድድ ነበርና፣ የካርል ኤድዋርድ የበኵር ልጅ ዮሐን ሌዎፖልድ በ1932 እኩያው ያልተባለችን ሴት በማግባቱ የቤቱን ወራሽነት ለቀቀ። እኩያ ማን እንደሆነ የሚታየውም ከ1763 ጀምሮ በዚያው በጎታ ከተማ ይታተም በነበረው የነገሥታትና የመሳፍንት የዘር መዝገብ ነው። እኛም አገር ቢሆን ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ አዳማ ውስጥ አማራው ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ኦሮሞው ጎሳውን ይጠይቃል። ነገር ግን የእኛ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ ነው፤ የእነርሱ ግን መዛመዳቸውን ለማረጋገጥ የሚቆጥሩ ይመስላል፤ ቪክቶሪያና አልበርት የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩና። ከእኛ ሽማግሌዎች አንዱ ያንን ሠርግ ቢጠራ ኖሮ ዳቦው ሳይቆረስ በትሩን አንሥቶ ይወጣ ነበር። የሁበርቱስ አባት አንድሬያስ ከእናቱ ጋር በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ማደጉን ሳነብ፣ ያ የእኩያ ሕግ ሰው ሳያፈርሰው ራሱ አርጅቶ እንደሞተ ተሰማኝ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልጅቷ ከሄደች በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት የሰፈራችንን ቀኛዝማች ነው። በልጅነቴ ሁሉም ሰው «ቀኛዝማች» እያለ የሚጠራቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ደርግ ዘውዱን ከሻረ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ የቀበሌ መታወቂያቸው «አቶ» ቢላቸውም፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ፈረሱን ገትቶ «ቀኛዝማች፣ ይውጡ» ይላቸው ነበር። ልጃቸው ግን ከእኛ ጋር ኳስ የሚጫወት ተራ ልጅ ነበር፤ የእኛ ማዕረግ ከስም በፊት ይሰካል እንጂ ወደ ስም ውስጥ አይገባምና፣ የቀኛዝማች ልጅ ራሱ ካልተሾመ ቀኛዝማች አይባልም። ስለዚህ የእኛ ማዕረግ ከሹመቱ ሲለይ በሰው አፍ ላይ ጥቂት ቆይቶ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የጀርመኑ ማዕረግ ደግሞ ተቃራኒው ሆነበት፤ ከሰው አፍ ላይ ሕግ አወረደውና መዝገብ ላይ ለዘላለም አተመው። አሜሪካዊቷ ያገኘችው ይህንን ነው። የአገሯ ሕገ መንግሥት አሜሪካ የመኳንንት ማዕረግ እንዳትሰጥ ይከለክላል፤ የባሏ አገርም አይሰጥም፤ በስሟ ውስጥ ያለውን ቃል ግን የሚሰማው ሁሉ ማዕረግ አድርጎ ይሰማዋል።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በየራሳቸው መንገድ ዘግተውታል። ኦስትሪያ በ1919 ከስም ላይ የመኳንንት ምልክት የሆነውን «ፎን» የሚለውን ሳይቀር ቈረጠች። በስድስት ዓመቱ የቡልጋሪያ ንጉሥ ሆኖ በ1946 የተሰደደው ስምዖን፣ የዚሁ የኮቡርግ ቤት ዘር ሲሆን፣ የቤቱን ስም «ሳክስኮቡርግጎትስኪ» ብሎ በአንድ ቃል አያይዞ ተመልሶ፣ ከ2001 እስከ 2005 የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በጣም የገረመኝ ግን የግሪኩ ነው። ግሪክ በ1974 በሕዝበ ውሳኔ ዘውዱን ካስቀረች በኋላ፣ በ1994 የወጣ ሕግ ለቀድሞው ንጉሣዊ ቤተሰብ ዜግነት ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የቤተሰብ ስም መያዝ ነው አለ፤ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስም ቤተሰቤ የቤተሰብ ስም የለውም ብሎ ተከራከረ። ልጆቹ «ደ ግሬስ» የሚል ስም ይዘውና ሪፐብሊኩን ተቀብለው ዜግነታቸውን ያገኙት እርሱ ካረፈ በኋላ፣ በዲሴምበር 2024 ነው። «የቤተሰብ ስም የለኝም» በሚለው ክርክር ከኢትዮጵያዊ በቀር ከልቡ የሚያዝን ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ በየቅጹ ላይ ያንን ባዶ መስመር በአያቴ ስም ስሞላ ኖሬአለሁ።

ኑሮዋን በተመለከተ፣ ከባንክ ወንበር ወደ ዙፋን እየተባለ የሚጻፈው ነገር አያሳምነኝም፤ ዙፋን የለምና። ያለው ካለንበርግ የሚባል ለጎብኚ ክፍት የሆነ ቤተ መንግሥትና የሥዕል ስብስብ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ግራይንቡርግ የተባለ አምባ፣ ደንና የቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው። ይህ የጣሪያ ጥገና፣ የግብርና የሒሳብ መዝገብ ሥራ ስለሆነ፣ እንዲያውም የባንክ ባለሙያ ከዘር መዝገብ ከወጣች ልዕልት ይልቅ ትመቸዋለች ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሴ የወጣሁ ቢመስልም አልወጣሁም። የዚህ ቤት አያት የሆነው የጎታው መስፍን፣ መንፈሳዊው እየተባለ የሚጠራው ኤርንስት፣ በ1652 አንድ ኢትዮጵያዊ በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎ ነበር። እርሱም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በሮም ሳለ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቆ ግእዝና አማርኛ ያስተማረው፣ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከእርሱ በተማረው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ተሰብሮ ሞተ። አውሮፓውያኑ በላቲን ሲጽፉት የቤተሰብ ስም ስላጡለት «ጎርጎርዮስ ሐበሻዊው» አሉት። እኔ ዛሬ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ እንጀራ የምበላው፣ ሥራው በዚያ ቤት ስለ ተጀመረ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልጅቷ ሰነዶቿን ልትወስድ ስትመጣ እናቷን ይዛ መጣች። በጀርመን ሕግ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም እንደያዙ መጋባት እንደሚችሉ ነገርኳቸው፤ የባሏን ስም መውሰድ የምትፈልገው ለልጆቹ ጉዳይ ብላ መሆኑን ስታስረዳ፣ እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው «አባትሽን አፈር አለበስነው፤ ስሙንም ልትቀብሪው ነው?» አሏት። ማንም አልመለሰም። ልጅቷ ወረቀቱን ጎተት አድርጋ የአማርኛውን ቅጂ አየችና፣ «ጋሼ፣ ፀጋዬን በ‹ጸ› ነው የጻፉት፤ አባቴ በ‹ፀ› ነበር የሚፈርመው» አለችኝ። በግእዙ ትክክለኛው «ጸ» መሆኑን፣ በጀርመንኛው ፊደል ሲጻፍም ሁለቱ አንድ እንደሚሆኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ገጹን አርሜ እንደገና አተምኩላት፤ ማኅተሙንም እናቷ እያዩ መታሁበት።