ከእናቴ ጋር የጠዋት ጉዞ

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ፣ ባሕር ዳር ቤታችን ሊጠይቃት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ «አርፈሽ ተቀመጪ» ይላት ነበር። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለሕመሟ አይበጅም፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን፣ ማለትም ኢንሱሊን፣ ባያግዘውም እንኳ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ፣ በእግር መሄድ የሕክምናዋ አንዱ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች ጤናቸው እስከፈቀደ ድረስ በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል።

እኛ የጀመርነው ግን በ10 ደቂቃ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ በጣና ዳር እንወጣለን፤ «እማዬ፣ ደከመሽ እንዴ?» ስላት «ገና ነኝ ልጄ» ትላለች፤ ጨዋታ እያወጋች መሄድ ከቻለች ፍጥነቱ ልክ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ለእግሯ ነው። በሽታው የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል፣ ጠጠር ቢወጋትም ላይሰማት ይችላል፤ ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት ጫማዋን ገልብጬ አራግፋለሁ፣ እጄን አስገብቼ ውስጡን እዳስሳለሁ፣ ስንመለስም በጣቶቿ መካከል ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር እንዳለ አያለሁ። የምትወስደው ኢንሱሊን ከእንቅስቃሴው ጋር ተደምሮ የደም ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ከረሜላ ከኪሷ አይጠፋም፤ ካላባት ወይም እጇ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ቆመን ከረሜላውን ትወስዳለች።

በጾም ቀን፣ እህል ሳትቀምስ አንወጣም። ስለ ጾሙ ራሱ ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራለች።