በፎቶው በስተቀኝ የቆሙት ማን ናቸው?

እንኳን ለአርበኞች የድል ቀን በሰላም አደረሳችሁ! የከዚራና የመጋላ፣ የሳቢያንና የገንደ ቆሬ ልጆች፣ ጀጎል ውስጥ ያላችሁ፣ ሸዋ በር ላይ ከማለዳው ቡና ያፈላችሁ፣ ባሕር ማዶ ሆናችሁ ቀኑን የቆጠራችሁ ሁሉ ደስ ይበላችሁ። ሚያዝያ 27 ለእኛ ለምሥራቆቹ ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ በዓል ነው። ድሬዳዋ ከጣልያን እጅ የወጣችው ቀደም ብላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ነው። ልክ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 20 ቀን 1928፣ ሐረር በአውሮፕላን ቦምብ ነድዳ ነበር። እዚህ አገር ደስታና ሐዘን ከጥንትም አብረው ይውላሉ።

ዘንድሮ ሐዘኑ በረታ። በኅዳር የሸዋ በሯን እናት ቀበርን። አባታቸው በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጦር ወደ ኦጋዴን ዘምተው የቀሩ ናቸው። እማማ የአባታቸውን ታሪክ ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው የወጡትን፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የማን ሚስት ወደ አሰበ ተፈሪ እንደተመለሰች በቃላቸው ይዘው ኖሩ። ከሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሦስት ሰዎች የቆሙበት ፎቶ አለ። መሐል ያሉት አባታቸው፣ በስተግራ ያሉት የእናታቸው ወንድም ናቸው። በስተቀኝ የቆሙትን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሄዱ።

ስለዚህ የበዓል ምኞቴ አንድ ነው፤ ዛሬ ከሰንደቁ ፎቶ በፊት አንድ አዛውንት ጋ ተቀመጡ።

የዘማች ዘር የሚጠፋብን ወረቀት አጥተን ብቻ አይደለም። አጠራራችን ራሱ ይሸሸናል። በ1928 የዘመተ ሰው ስም በልጁ ላይ ሁለተኛ፣ በልጅ ልጁ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል፤ በአራተኛው ትውልድ መታወቂያ ላይ የለም። በሴት ልጅ በኩል ሲሆን ይፈጥናል። እሷ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ልጆቿ ግን የባሏንና የአማቷን ስም ይይዛሉ፤ ዘማቹ ከልጅ ልጆቹ ስም ውስጥ ወዲያው ይወጣል። በወንዶቹ ብቻ እየቆጠረ የሚወርድ ሰው ግማሹን ቤተሰብ ጥሎ ነው የሚሄደው። ሴት ልጆችን ከነባሎቻቸውና ከተዳሩበት አገር ጋር ጻፏቸው።

ዘማቹም ቢሆን ስሙ አንድ አይደለም። ሰፈር የሚያውቀው የዓለም ስሙ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ተዝካሩ የወጣበት የክርስትና ስሙ አለ፣ ወታደሩ የሚጠራው የፈረስ ስሙ አለ። ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» ነበሩ፤ ኮሪያ የዘመተው ጦር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሦስቱ ስሞች ሦስት ሰው መስለው አንድ አያት ለሦስት የተከፈሉበት ቤት አለ። ማዕረግ ደግሞ ይለዋወጣል፣ ነገር ግን መለዋወጡ ይጠቅማል፤ ግራዝማች የሚል ወረቀት ቀኛዝማች ከሚለው ይቀድማል፣ ቀኛዝማች የሚለው ደግሞ ፊታውራሪ ከሚለው። ቀን ያልተጻፈባቸውን ወረቀቶች በዚህ ቅደም ተከተል ማስያዝ ይቻላል።

አዛውንቱን «መቼ ሞቱ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «መርዶውን ማን አመጣው?» በሉ። መርዶ ያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ የዘመተ ነው፤ የእሱ ቤተሰብ ቀጣዩ በራችሁ ይሆናል። ከዚያ «ለቅሶ ከየት ከየት መጣ?» በሉ፤ ዘመዱ ሁሉ በዚያ ይወጣል። «የት ወደቁ?» የሚለው ቀኑን ያመጣላችኋል፤ ከኦጋዴን የጦር ሜዳዎች ቆራሄ ከተባለ ጊዜው ወደ ጥቅምት 1928 ማብቂያ ይጠጋል፣ ሳሳበኔ ወይም ደገሃቡር ከተባለ ሚያዝያ 1928 ነው። «ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያልፉ» ካሉም ያው ሚያዝያ 1928 ነው። ሶማሌ ጎረቤት ካላችሁ አብቲርሲውን፣ ማለትም የአባቶቹን የዘር ቆጠራ፣ እስኪጨርስ አታቋርጡት፤ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ስንደክም እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ወረቀት ከተነሣ፣ ሰው የማያስበው ትልቁ ሀብት የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ነው። ወንዱም ሴቱም፣ ከሌላ እናት የተወለደውም በአንድ ገጽ ላይ ይገኛል፤ የምስክሮቹ ስም ሳይቀር ፍንጭ ነው። የዕድር መዝገብም እንዲሁ፤ አባሉ ሲሞት ማን እንደተተካ ያሳያል። የባቡር ሠራተኛ የነበረ ልጅ ካለ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ በጣልያን ዘመን የወጣው በጣልያንኛ። ፈረንሳዮቹም ጣልያኖቹም «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለዩም፣ «ኃ»ን ይውጡታል። ስለዚህ የተጻፈውን በዓይን አትፈልጉ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ጣልያኖቹ ከዓመቱ አጠገብ የሚጽፉት የሮማ ቁጥር የፋሽስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ 14 ካለ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ያለው ነው። ከፈረንጁ ዓመት ደፍኖ 8 መቀነስም ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው 7 ነው። በዚህች አንድ ዓመት ስህተት ስንቱ አያት ሳይዘምት ሞቷል፣ ወይም ከሞተ በኋላ ዘምቷል።

አደራ፣ አሮጌ ወረቀት በፕላስቲክ አታስለብጡ። ሙቀቱ ቀለሙን ይጎዳል፣ ዳግመኛም አይላቀቅም። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፤ ከነመስተዋቱ፣ በጎን ብርሃን አንሡት። የፎቶው ጀርባ ከተገኘ በስክሪፕቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ስም ጻፉበት።

ሐረር ባለው የእንግሊዝ ጦር መቃብር በ1933 የወደቀው ወታደር ስሙ፣ ክፍሉና የሞተበት ቀን በድንጋይ ላይ ተቀርጾለታል። ይገባዋል፣ ነፍሱን ይማር። የኛዎቹ ድንጋይ የእማማ ትዝታ ነበር።

ምስጋናዬ ለሚገባቸው ይድረስ። ለእማማ ምራት፣ የቆርቆሮውን ሳጥን ከአይጥም ከእሳትም አድነሽ ላቆየሽው፣ እግዜር ይስጥልን። የገንደ ቆሬው የዕድር ጸሐፊ፣ ጋሼ፣ የቀድሞውን መዝገብ «ያረጀ ነው» ብለው ሳይጥሉ ስላስቀመጡት ዕድሜ ይስጥዎ። ጀጎል ያሉት ሼኽ፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈውን ደብዳቤ ሦስት ቀን ተቀምጠው ስላነበቡልን፣ አላህ ይጠብቅዎ። ጡረተኛው የባቡር ሰው ደግሞ የፈረንሳይኛውን ወረቀት ሲተረጉሙ «ይህ ስም ከበደ ሳይሆን ቀበታ ነው» ያሉባት ያቺ አንዲት ቃል ሁለት ቤተሰብ አገናኝታለች።

አሁን ወደ ፎቶው። በስተቀኝ የቆሙት ሰው ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የተከረከመ ናቸው። ጠመንጃውን በግራ ትከሻቸው አንግተዋል፤ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ከመሐል ተቆርጣለች። እማማ አንድ ጊዜ «ሚስታቸው የቁልቢ ልጅ ነበረች» ማለታቸውን ምራታቸው ታስታውሳለች። እንዲህ ያሉ አያት ወይም ቅድመ አያት የነበሩበት ቤት ካላችሁ ድምፃችሁን አሰሙን። የሁለቱን ዘማቾች የልጅ ልጆች ዛሬ ጠዋት እየደወልን እንኳን አደረሳችሁ ብለናል፤ የሦስተኛው ቤት ብቻ ቀርቶናል።